የደረቅ በርበሬ ቋጠሮ

አንድ ባለወፍጮ ሰው ነበረ።

ወሬውን በዚህ የጀመርኩት ትርሲት ጥያቄዋን ጠይቃኝ ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ ነው። ትርሲት የወንድሜ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሞሉ ፎርሞችን ትሠራለች። የእኛ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ምዝገባውን ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ሲያዛውር ሥራውን ለእሷ ሰጣት። በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ማንኛውም መኪና ከመውጣቱ በፊት ሾፌሩ ፎርሙን ይሞላል፤ ፎርሙ ካለፈለት የመውጫ ፈቃድ ያገኛል።

ፎርሙ ላይ «የእሳት ማጥፊያው የተመረመረበት ቀን» የሚል ሳጥን አለ። ሳጥኑ የገባው ነዳጅ ለሚጭኑ ቦቴዎች ተብሎ ነው። አንድ የቦቴ ሾፌር ግን ሳጥኑን ባዶ ትቶት አለፈ። መንገድ ላይ ጎማው እሳት ሲይዝ ማጥፊያውን ቢያነሳው ውስጡ ምንም የለም። እሳቱ የጠፋው በአፈርና በመንገደኛ ርብርብ ነው። ትርሲት ይህን ስትሰማ ሳጥኑን ለሁሉም ግዴታ አደረገችው። ጤፍ የጫነም ይሁን ሲሚንቶ የጫነ፣ ባዶውን የሚመለስም ቢሆን፣ ቀን ካልሞላ ፎርሙ አያልፍም።

ሾፌሮቹ ጮኹ። ስልኳ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠራል። እኔ ጋ ስትመጣም እየጠራ ነበር።

«ይጩሁ ጋሼ» አለችኝ ስልኩን ድምፁን እያጠፋች። «አሁን አንድም ባዶ ሳጥን የለም። ነዳጅ ለሚጭን ብቻ ባደርገው ሁሉም ‹ነዳጅ አልጭንም› እያለ ያመልጠኛል። ማኅበሩ ደግሞ እንደዚያ ያለ ቦቴ እንደገና ከተገኘ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን ብሏል። ልጽና ወይስ ልተወው?»

ቦቴዎቹ በማግስቱ ማለዳ ይወጡ ነበር። ለረጅም ምክር ጊዜ አልነበረንም። «ተቀመጪ» አልኳትና ነገርኳት።

ያ ባለወፍጮ ወፍጮውን ከማንም አልወረሰም። በወጣትነቱ የሰው እህል በጀርባው ተሸክሞ ወንዝ ማዶ ወዳለ ወፍጮ ያመላልስ ነበር። እዚያ ወረፋ ሲጠብቅ ሌላው ጆንያው ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል፤ እሱ ይቆጥራል። ከየትኛው መንደር ማን እንደመጣ፣ ማን ሳያስፈጭ እንደተመለሰ፣ ሞተሩ በሳምንት ስንቴ እንደሚቆም፣ ሁሉንም ይቆጥራል። ከእሱ መንደር ያን ያህል ሰው ወንዝ ተሻግሮ እንደሚመጣ ሲያሰላ ቆረጠ። ዓመታት ፈጀበት እንጂ በመንደሩ መካከል ሞተር አስተከለ።

ወፍጮ ቤቱ ሁለት ድንጋይ ነበረው። ትልቁ ለእህል ነው፤ ትንሹ ለበርበሬና ለቅመም። ሁለቱንም የሚያዞረው ግን አንድ ሞተር ነው። ይህን ልብ በይልኝ አልኳት። ትንሹ ድንጋይ ከታነቀ ትልቁም አብሮ ይቆማል። በርበሬ ያሰጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ በደንብ ያልደረቀ በርበሬ አይፈጭም። ድንጋዩ ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፋል፤ ድንጋዩ ይይዛል፤ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይግልና ይበጠሳል።

አንድ ቀን እንዲሁ ሆነ። ዝናብ የነካው በርበሬ ትንሹን ድንጋይ አነቀው፤ ቺንጋው ተበጠሰ። አዲስ ቺንጋ ከከተማ እስኪመጣ ወፍጮ ቤቱ ዝም አለ። ሰዎች ጆንያቸውን አቅፈው ደጅ አደሩ። በነጋታው የላይኛው መንደር ሰዎች ጆንያቸውን አንስተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ ዞር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ወፍጮህ ጥሩ ነው፤ ግን ልጆቻችን ዱቄት ነው የሚበሉት። አንዴ እንደገና ከቆመ ከማዶው ጋር ነን» አለው።

ባለወፍጮው ደጁ ላይ ቆሞ ጀርባቸውን አየ። ጆንያ የተሸከመ ጀርባ ወደ ወንዙ ሲወርድ ማየት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ትገምቺዋለሽ። ወፍጮ የሚኖረው በወረፋ ነው። ወረፋው አንዴ ወደ ማዶ ከተሻገረ አይመለስም። ስለዚህ እርጥብ በርበሬ ሁለተኛ በሩን እንዳያልፍ ወሰነ።

መጀመሪያ ያደረገው ደህና ነበር። በሩ ላይ የሚስቱን ወንድም አቆመና የሚገባውን ሁሉ «በርበሬ ይዘሃል?» እንዲለው አዘዘው። ይዣለሁ ያለ ይታይለታል፤ እርጥብ ከሆነ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰው ግን ቁልቁለት ወርዶ የመጣበትን መንገድ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። በርበሬውን ከእህሉ ሥር እየደበቀ «የለኝም» ይል ጀመር። ከገባ በኋላ ማንም አያየውም፤ ሹልክ ብሎ ትንሹ ድንጋይ ጋ ይቆማል። ባለወፍጮው ሁለት ሦስቱን ያዘና በጣም ተናደደ።

በተናደደበት ቀን የወጣው ደንብ ይህ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ አለህ ወይ ብለህ አትጠይቅ» አለው በረኛውን። «ይዋሻሉ። ሁሉም ያሳይ። ጤፍ ይዞ ይምጣ፣ ማሽላ ይዞ ይምጣ፣ ምንም ይዞ ይምጣ፤ ደረቅ በርበሬ ሳያሳይህ ማንም እንዳይገባ። ሁሉም ካሳየ የሚያመልጠን የለም።»

ሚስቱ ዱቄት እየነፋች ትሰማ ነበር። «ጤፍ ሊያስፈጭ የመጣ ሰው በርበሬ ከየት ያመጣል?» አለችው።

«ከቤቱ።»

«ላላስፈጨው?»

«በርበሬ የሌለበት ቤት አለ እንዴ? ቆንጥሮ ይዞ መምጣት ምን ያቅተዋል?»

ሚስቱ ወንፊቷን አራግፋ ወደ ዱቄቷ ተመለሰች። እሱ መልሱ ያሸነፋት መሰለው።

የመጀመሪያው ቀን ጩኸት ነበር። ማሽላ የተሸከመ ሽማግሌ በሩ ላይ ደርሶ፣ «እኔ የያዝኩት ማሽላ ነው» ይላል።

«ደረቅ በርበሬ ያሳዩ አባቴ።»

«ለማሽላ?»

«ለማሽላም ቢሆን።»

«አንተ ልጅ፣ ፀሐዩ ነው ወይስ ጠላው ያናወዘህ?»

በረኛው ግን ፍንክች አይልም። ሽማግሌው እየተሳደበ ተመለሰ። ለአራስ ልጇ የአጥሚት አጃ የያዘች እናትም ተመለሰች። ብዙ ሰው ተመለሰ። ባለወፍጮው ከውስጥ ሆኖ ሰማና፣ ደንብ ሲጀመር እንዲህ ነው፣ ይለምዱታል አለ።

እውነቱን ነው፣ ለመዱት። ሳምንት ሳይሞላ ሴቱ በነጠላው ጫፍ፣ ወንዱ በጋቢው ጥግ ትንሽ ደረቅ በርበሬ ቋጥሮ ይመጣ ጀመር። በሩ ላይ ሲደርስ ቋጠሮውን ይፈታል፤ በረኛው በጣቱ ቆንጥሮ ያሸዋል፤ ያስነጥሰዋል፤ «ግባ» ይላል። ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ይለዋል። ልጆች ይህን ለማየት ብቻ ይመጡ ነበር። በረኛው ቀኑን ሙሉ ሲያሽ ዓይኑ እንደ ፍም ቀላ። በኋላ ላይ ማሸቱን ተወው። ቋጠሮውን ከሩቅ አይቶ፣ ፊቱን አዙሮ «ግባ» ማለት ጀመረ።

ባለወፍጮው ማታ ማታ ይጠይቀዋል።

«ሳያሳይ የገባ አለ?»

«አንድም የለም ጋሼ።»

ሰውየው ደስ ይለዋል። ቆጣሪ ሰው ነው ብዬሻለሁ፤ ቁጥሩ ደግሞ ሙሉ ነው። ሁሉም አሳይቷል፤ ባዶ እጁን የገባ የለም። እኔም ቆጣሪ ስለሆንኩ ይህን ደስታ አውቀዋለሁ። ሰው የሚቆጥረውን ነገር ሲያገኝ ትክክለኛውን ነገር የቆጠረ ይመስለዋል።

ሰልፉ ላይ ግን ሌላ ወሬ ነበር። «ባለቤቱስ ያሳያል?» ይባባላሉ። «እሱማ በጓሮ ነው የሚገባው!» «የእሱ ገብስ ከእኛ ማሽላ ይከብራል መሰለህ?» ወሬው ደረሰው። ደንቡ የእውነት ደንብ መሆኑን ሊያሳይ፣ አንድ የገበያ ቀን ገብሱን በትከሻው ተሸክሞ በፊት በር መጣና ከሰልፉ ኋላ ቆመ። ሰው እያየው፣ እየተጠቃቀሰ፣ ፀሐዩ እያቃጠለው፣ ቀስ እያለ በሩ ላይ ደረሰ።

«ደረቅ በርበሬ» አለ በረኛው።

ባለወፍጮው ኪሱን ዳሰሰ። የለም። ገብሱን ሲጭን በርበሬው ጭራሽ ትዝ አላለውም። ምን ያስታውሰዋል? የያዘው ገብስ ነው።

«ረስቼዋለሁ። ገብስ ነው፣ እይው።»

«ጋሼ፣ ማንም ነው ያሉኝ።»

«አውቃለሁ ያልኩህን! እኔ አይደለሁ ያልኩህ?»

«እሱማ እርስዎ ነዎት» አለ በረኛው፤ ከበሩ ግን አልተነሳም። ሰልፉ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ሰውየው ዞሮ ቢመለስ መሳቂያ ሊሆን ነው፤ ገፍቶ ቢገባ ደንቡን በገዛ እጁ ሊያፈርስ ነው። ከኋላው የቆሙ አንዲት ባልቴት አዘኑለት። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮአቸውን ፈቱና በጀርባው በኩል እጁ ውስጥ ሸጎጡለት።

«እንካ የኔ ልጅ፣ በእሷ ግባ» አሉት በሹክሹክታ። «ስትጨርስ ግን ለእኔ መልሳት፤ ከኋላዬ ያሉትም ይጠብቋታል።»

ባለወፍጮው ቋጠሮውን ወደ በረኛው ዘረጋ። በረኛው ከሩቅ አየና ፊቱን አዙሮ «ይግቡ» አለ።

ሰውየው አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። የራሱ ባልሆነ በርበሬ፣ በራሱ በር ላይ ውሸት አሳይቶ ገባ። ነገሩ የገባው ግን አሁንም አይደለም። ቋጠሮዋን ለባልቴቷ መለሰና ዞሮ አየ። ባልቴቷ አሳይተው ገቡ፤ ቋጠሮዋ በእጃቸው ወደ ኋላ አለፈች። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ አሳየ፤ ወደ ኋላ አለፈች። አንዲት ነፍሰ ጡር አሳየች፤ አለፈች። ሁሉም ጤፍና ስንዴ ይዘው ያችኑ ቋጠሮ እየተቀባበሉ ይገባሉ። ከወራት በፊት የተቋጠረች ትሆናለች፤ ጨርቋ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ቋጠሮዋን በዓይኑ ሲከተል ከላይኛው መንደር የመጣ አንድ ገበሬ እጅ ላይ ደረሰች። ገበሬው ከትከሻው ላይ ያወረደው ጆንያ ሥሩ ቀይ ሆኖ ርሷል።

ገበሬው ቋጠሮዋን ዘረጋ። በረኛው ፊቱን አዙሮ «ግባ» አለ።

ባለወፍጮው ገብሱን ጥሎ ሮጠ። የጆንያውን አፍ ፈታና እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። እጁ ሲወጣ ቀይ ነው፤ ፍሬው መዳፉ ላይ ተጣብቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በርበሬ ነዋ!»

«እርጥብ ነው!»

«ታዲያ ደረቁን አሳየሁ እኮ» አለ ገበሬው ግራ እየተጋባ። «አሳይ ያላችሁኝን አሳየሁ። ጆንያውን ማን ጠየቀኝ?»

«ዋሽተሃል!»

«በምን ዋሸሁ? ሁላችን በዚችው አይደል እንዴ የምንገባው?» ገበሬው ቋጠሮዋን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ጌታው፣ እርስዎስ አሁን በእሷ አይደል የገቡት?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ባለወፍጮው እጁን በአየር ላይ እንደዘረጋ ቆመ። ሞተሩ ከኋላው ይመታል። ያን ቀን ሞተሩ አልቆመም፤ ያዳነው ግን ደንቡ አልነበረም። ባለቤቱ በአጋጣሚ ሰልፍ ላይ ስለነበረ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ባሉት የገበያ ቀኖች በሩን ስትጠብቅ የነበረችው ያችው ቋጠሮ ብቻ ናት።

ሰውየው ቀስ ብሎ እጁን በጆንያ ጠረገና ቋጠሮዋን ከገበሬው ተቀበለ። ፈትቶ በርበሬዋን መሬት ላይ በተናት። ከዚያ ወደ በረኛው ዞሮ፣ «ከአሁን ጀምሮ ማንንም በርበሬ አሳይ አትበል» አለው። «መጀመሪያ ምን እንደያዘ ጠይቅ። በርበሬ የለኝም ካለህ መንገዱን ልቀቅለት፤ ሌላ ቃል አትጨምርበት። አለኝ ካለህ ግን ቋጠሮ አትይ፤ ጆንያውን አስፈትተህ እጅህን እስከ ሥሩ አስገባ።»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ፣ «ዱሮም እንደዚያ ነበር፤ የለኝም እያሉ አልሸወዱህም?» አለችው።

«ዱሮ የለኝም ያለውም ትንሹ ድንጋይ ጋ መድረስ ይችል ነበር» አላት። በዚያው ቀን በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የእንጨት አጥር አቆመ። በርበሬ የለኝም ያለ በትልቁ ድንጋይ በኩል ነው የሚገባው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ትንሹ መሻገሪያ የለውም። በርበሬ ደብቆ የገባ ሰው ደብቆት ይወጣል፤ ትልቁ ድንጋይ በርበሬ አይፈጭለትም። ሐሳቡን የቀየረ ካለ ወደ በሩ ተመልሶ እንደ አዲስ ይጠየቃል፤ ቀድሞ ያለው ቃል አይያዝበትም፣ አይያዝለትምም። ትልቁን ድንጋይ የያዘው ሠራተኛም ጆንያው ወደ ወፍጮው አፍ ሲገለበጥ ዓይኑን እንዳያነሳ ታዘዘ፤ በረኛ አለ ተብሎ የሚተኛ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ባለበት በኩል ሰሌን አነጠፈ። እርጥብ በርበሬ ያመጣውን በረኛው «ተመለስ» አይለውም፤ «ከላይ ያለው ደህና ነው፣ ከሥሩ ያለው ርሷል፤ እዚያ አስጣውና ሲደርቅ ና» ይለዋል። ሰው የጎደለውን እዚያው ከተነገረውና እዚያው ማስተካከል ከቻለ ለምን ይደብቃል? ያ የላይኛው መንደር ገበሬ የመጀመሪያው ሰሌን ላይ በርበሬውን አሰጣና ጥላው ሥር ተጋደመ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አስፈጭቶ ዱቄቱን ይዞ ዳገቱን ወጣ። የላይኛው መንደር ወንዝ አልተሻገረም። በረኛውም ፊቱን ማዞር ተወ።

ወሬዬን እዚህ ላይ አቆምኩ። ትርሲት ጣቷን ኮምፒውተሯ ላይ አድርጋ፣ «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ግን የእኔ ሾፌሮች ቋጠሮ የላቸውም ጋሼ። ቀን ነው የሚሞሉት። ቀን ከማን ይዋሳሉ?»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«ባለወፍጮው አንቺ ነሽ» አልኳት። «በሩ ፎርምሽ ነው። እርጥብ በርበሬ ያልተመረመረ ማጥፊያ ያለው ቦቴ ነው። ጤፍ የጫነውን ሾፌር ስለማይመለከተው ነገር ጠይቀሽ ካልመለስክ አታልፍም ስትዪው፣ ማለፍ ስላለበት የሆነ ነገር ይሰጥሻል። መዋሸት አስቦ አይደለም፤ ጤፉ ገበያ መድረስ አለበት። ያ የሚሰጥሽ ነገር ቋጠሮዋ ናት። የጤፉ ሾፌር ለቦቴው ሾፌር ያቀብላታል፤ ቦቴውም በእሷ ይገባል። ባለፈው ሰኞ ጋራዥ ጎማ ሳስጠግን ሾፌሮቹ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ ‹ይሄ ፎርም አላሳልፍ አለኝ› ሲል ሌላው ከመኪናው ሥር ተኝቶ፣ ‹መስከረም አንድ በለው፣ ያሳልፍሃል› አለው። ክፈቺውና እዪ። ስንቱ ማጥፊያ መስከረም አንድ ቀን ተመርምሯል?»

ኮምፒውተሯን ከፈተች። ገጹን ወደ ታች እየሳበች ሄደች፤ እየሳበች ሄደች። እኔ ከማዶ ሆኜ ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው።

«መስከረም አንድ» አለች። «መስከረም አንድ። መስከረም አንድ። ጋሼ፣ በዓመት በዓል ቀን ማን ቢሮ ገብቶ ማጥፊያ ይመረምራል?»

«ማንም።»

«እኔ ባዶ ሳጥን የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አሁን ቦቴዎቹን ብቻ ለይተሽ አውጫቸው።»

ለየቻቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው። ኋላ ላይ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ነገ ማለዳ ከሚወጡት ቦቴዎች መካከል መስከረም አንድ የተሞላላቸው ነበሩ። ፈቃዳቸውን አግኝተዋል።

«ባዶ ቢተዉት ኖሮ ባዶ መሆኑን አይ ነበር» አለች። «አሁን ግን የሞላውም ያልሞላውም አንድ ሆነብኝ።»

ከዚያ ያደረገችው ነገር አኮራኝ። አላለቀሰችም፣ ሾፌር አልረገመችም። ያን ቀኑን ሙሉ የሸሸችውን ስልክ አነሳችና ለማኅበሩ ጸሐፊ ደወለች። «የነገዎቹን ቦቴዎች መውጫ አግዱልኝ» አለችው። «አዎ፣ ፈቃዱን የሰጠው የእኔ ፎርም ነው፤ የሚሰርዘውም እሱ ነው። ማጥፊያቸው በዓይን ይታይና ይውጡ። ወደ ወረቀት መመለሱን ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ እናውራ።» ጸሐፊው ሲጮህ እኔ ድረስ ይሰማል። እስኪጨርስ ጠበቀችና «ማለዳ በሩ ላይ እኔው ቆሜ አየዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

ወዲያው ጣቶቿን ኮምፒውተሯ ላይ መለሰች። «ሳጥኑን ልደብቀው ነው» አለች። «ነዳጅ እጭናለሁ ላለ ብቻ ይወጣለታል፤ ለእሱ ግዴታ ይሆናል። ጭነቱን ከቀየረ ሳጥኑ ይጠፋል፤ የሞላው ቀንም አብሮ ይጠፋል። የሚጎድለው ነገር ካለም እዚያው ሳጥኑ ሥር ይነገረዋል፤ መጨረሻ ላይ ደርሶ አይመለስም። ግን ጋሼ፣ አልጭንም ብሎ የሚዋሸውስ?»

«አጥርሽን አቁሚያ» አልኳት። «አልጭንም ያለው ፈቃዱ ላይ ‹ነዳጅ አይጭንም› ተብሎ ይጻፍለት። የነዳጅ ማከማቻው በር ላይ ያንን ፈቃድ ሲያሳይ ማን ይቀዳለታል? ውሸቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ሳቀች፤ ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትጽፍ ጀመር። ትንሽ ቆይታ ቀና ሳትል፣ «የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይበል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ምን ጭነሃል በዪው» አልኳት። «ጤፍ ነው ካለሽ ደግሞ መንገዱን ልቀቂለት። ጤፍ የያዘ ሰው በርበሬ አሳይ ሲባል ነው ሌላው ሁሉ መዋሸት የሚማረው።»